ቴሌቪዥኑ ፎር ኬ፣ ምስሉ ያው

አሁን አሁን የሄድንበት ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። 43 ኢንች ትንሽ ተብሏል፤ 55 ተለምዷል፤ ሳሎኑ ሰፋ ያለ ሰው 65 ይሰቅላል። ሪሞቱ ተነሥቶ ሲከፈት ግን የሚመጣው ያው የምናውቀው ምስል ነው። የዜና አንባቢዋ ፊት ዝርዝሩ ጠፍቶ ወዝ ብቻ ቀርቷል። ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ ዳርና ዳሩ ይንቀጠቀጣል። ኳስ ከሆነ ሣሩ ጭቃ ይሆናል፤ ረጅም ኳስ ከተመታ ደግሞ ኳሷ የት እንደገባች አትታይም። የቤቱ ባለቤት እንግዳ ፊት ያፍራል። «ዲሹ ነው መሰለኝ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ዝናቡ ነው» ይላል።

ዲሹም ዝናቡም አይደለም። በዲጂታል ሥርጭት ዝናብ ምስል አያደበዝዝም። ሲግናሉ ከደከመ ምስሉ ይቆራረጣል፣ በየአራት ማዕዘኑ ይሰባበራል፣ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ሳይቆራረጥ፣ ሳይጠፋ፣ ዝም ብሎ የደበዘዘ ምስል ከመጀመሪያውም ደብዝዞ የተላከ ነው፤ አለዚያም ቤት ከገባ በኋላ በኬብሉና በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ተበላሽቷል። ሰው ግን ይህን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ዲሽ ሠሪ ይጠራል፣ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ዲሹ ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ ይባላል፣ ምስሉም ያው ሆኖ ይቀራል።

«ብዙ ብር አውጥተን ፎር ኬ ገዝተን ለምን አልጠራም?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶኛል ብል ጠያቂው አይደለም ያሰለቸኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ያሰለቸኝ መልሱ ቀላል ሆኖ ሳለ ሻጩም፣ ጣቢያውም፣ ዲሽ ሠሪውም አለመናገራቸው ነው። ቴሌቪዥን ከተላከለት በላይ ማሳየት አይችልም። ስክሪኑ ቢያድግ፣ ነጥቡ ቢበዛ፣ ከጣቢያው የመጣው ምስል ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው።

ቁጥሩን እንየው። ኤስዲ የሚባለው የቆየው ሥርጭት፣ እኛ ጋ በምንጠቀምበት ስልት፣ 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ተባዝቶ 414,720 ይሆናል። ፎር ኬ ቴሌቪዥን 3,840 በ2,160 ነጥብ አለው፤ 8,294,400 መሆኑ ነው። ሲካፈል ልክ 20 ይመጣል። ከጣቢያው ለመጣች ለእያንዳንዷ አንድ ነጥብ ቴሌቪዥኑ ሃያ ቦታ መሙላት አለበት። አሥራ ዘጠኙን ከየት ያመጣል? ከጎን ካሉት ነጥቦች ተነሥቶ ይገምታል። ለአንድ ሰው የተፈላ ቡና ለሃያ ሰው ሲቀዳ ስኒው እንጂ ቡናው አይበዛም፤ እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ጎበዝ ፕሮሰሰር ያለው ውድ ቴሌቪዥን ግምቱን አሳምሮ ይሠራዋል፤ የጽሑፉን ጠርዝ ያለሰልሳል፣ የፊቱን መስመር ይጠብቃል። አብዛኛው ሕዝብ የሚገዛው ርካሹ ግን ይህን አይችልም፤ ጠርዙን ሊያጠራ ሲል ዙሪያው ነጭ ጥላ ያበቅላል፣ ጉድለቱን ሊሸፍን ሲል የሰውን ቆዳ ያጠፋል። በዓለም ላይ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ብለው ከ720ውም ቀንሰው በ544 የሚልኩ ጣቢያዎች አሉ። እነሱ በፎር ኬ ላይ ሲለጠጡ ምን እንደሚመስሉ ያየ ያውቀዋል።

እናቶቻችን «የድሮዋ ትሻል ነበር» ሲሉ ልጆቻቸው ይስቁባቸዋል። አይሳቅባቸው፣ ልክ ናቸው። ያቺ ከኋላዋ ወፍራም የነበረችው 21 ኢንች የተሠራችው ለዚያው ሲግናል ነበር። በውስጧ ጨረሩ መስመር በመስመር እየሄደ መስታወቱን ሲያበራ አንዱ ነጥብ ከሌላው ጋር እየተዋሐደ ለዓይን ይለሰልስ ነበር። ስክሪኗ ትንሽ ስለነበረ ጉድለቱም አብሮ ትንሽ ነበር። አዲሱ ቴሌቪዥን ግን በቁጥር የተወሰኑ፣ የማይነቃነቁ ነጥቦች አሉት፤ ያንኑ ጉድለት ወስዶ ግድግዳ ያህል ያሳድገዋል። ደካማ ሥርጭት በትልቅ ስክሪን ላይ ካልባሰ አይሻልም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የመደብሩ ነገር ነው። መርካቶ ገብታችሁ እዩ። የተደረደረው ቴሌቪዥን ሁሉ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ያሳያል፤ ባሕር ውስጥ ያለ ባለ ቀለም ዓሣ፣ ጠል ያረፈበት አበባ፣ ከላይ የተነሣ የሌሊት ከተማ። በፍላሽ የተሰካ ነው፤ አምራቹ ራሱ ለሽያጭ ብሎ በፎር ኬ ያዘጋጀው ነው። ቀለሙና ብርሃኑ ለሱቅ መብራት ተብሎ እስከ ጣሪያው ተለቅቋል። ገዢ አፉን ከፍቶ ያያል። ቤቱ የሚጠብቀው ግን ያ ዓሣ አይደለም፤ የማታው ዜና፣ የእሑድ ድራማ፣ የበዓል ቀን ቀጥታ ሥርጭት ነው። «እስቲ በዲሽ የሚመጣ ጣቢያ ክፈትልኝ» ሲባል «እዚህ ዲሽ አልገባም» ይባላል። ቴሌቪዥን የሚሸጥ ሱቅ፣ ያውም አገሩ ሁሉ በዲሽ በሚያይበት አገር፣ እንዴት አንድ ዲሽ አይኖረውም? ቢኖረውማ አንዱን ጣቢያ በ32 ኢንቹም በ55ቱም ከፍቶ ማሳየት ነበረበት፤ ያኔ ገዢ በዓይኑ አይቶ ይወስናል።

ለቴሌቪዥኑ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ እናውቃለን። ስንቷ ልጅ ናት ቤይሩት ወይም ሪያድ የሰው ቤት እየሠራች አጠራቅማ «ለእማዬ ትልቁን ግዙላት» ብላ የምትልከው። አባት ዓይናቸው ስለደከመ ትልቅ ይሻላቸዋል ተብሎ ይገዛል። ያ ገንዘብ ለ43 ኢንች ጥሩ ፉል ኤችዲ፣ ለደህና ሪሲቨርና ለሁነኛ ስታቢላይዘር ቢከፈል አባት የበለጠ ያዩ ነበር። ማንም ይህን አይመክራቸውም፤ «ፎር ኬ ነው፣ ስማርት ነው» ተብሎ ይታሸግላቸዋል።

ወደ ጣቢያዎቹ ልምጣ። የአገራችን ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ዲሽ አዙሩ ተባልን። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ሰው ሁሉ ዲሹን አዞረ፣ ወይም ሁለተኛ ኤልኤንቢ አስጨመረ። በኤችዲ ታያላችሁ የሚለው ተስፋ አብሮ መጣ። እውነት ለመናገር ለውጥ አለ፤ ስቱዲዮ ውስጥ በጥሩ ካሜራ የተቀረጸ ውይይት ዛሬ ከቀድሞው በጣም ይጠራል፣ ይህን የማይቀበል ሰው የድሮውን ረስቷል። ችግሩ ጥግ ላይ ኤችዲ የሚል ምልክት መለጠፉ ምስሉን ኤችዲ አለማድረጉ ነው። ከክልል የመጣው ዜና በስልክ ተቀርጾ፣ በቴሌግራም ተልኮ፣ እዚያ ተጨምቆ፣ እንደገና ተቆራርጦ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ተጨምቆ ነው አየር ላይ የሚወጣው። በእያንዳንዱ መጨመቅ የሚጠፋ ዝርዝር አለ፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። የዘፈን ክሊፑ ከዩቲዩብ ወርዶ ይሆናል። የድሮው ፊልም ከቪሲዲ ተገልብጦ ይሆናል። ይህ ሁሉ ኤችዲ ተብሎ ይላካል፣ ፎር ኬው ደግሞ ይለጥጠዋል።

ከነጥቡ ብዛት ይልቅ ምስሉን የሚወስነው በሰከንድ የሚላከው የመረጃ መጠን ነው፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ግን የለም። ዲሽ ሠሪዎች ሪሲቨር ላይ የሚያስገቧትን 27500 የምትባለዋን ቁጥር ሁላችንም አይተናታል። በቀድሞው የሳተላይት ስልት፣ በዚያ ቁጥርና በ3/4 የስሕተት ማረሚያ፣ በአንድ የሳተላይት ማስተላለፊያ (ትራንስፖንደር) ውስጥ በሰከንድ 38 ሜጋ ቢት ያህል ያልፋል። አሥር ጣቢያ ቢካፈሉት ለአንዱ አራት የማይሞላ ይደርሰዋል፤ አሥራ አምስት ቢሆኑ ሁለት ተኩል። የሳተላይት ኪራይ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የኪራዩ ክብደት ለማንም ግልጽ ነው። ጣቢያዎቹን አዝንላቸዋለሁ። ነገር ግን ሲቆጥቡ ጉዳቱ የሚያርፈው እኛ ሳሎን ነው። የሚናገር ሰው ፊት ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ትንሽ መረጃ ይበቃዋል። ኳስ ግን ካሜራው ሲዞር ሣሩም፣ ተመልካቹም፣ ማልያውም በአንድ ጊዜ ይለዋወጣል፤ መረጃው አይበቃም፤ መጭመቂያው ሣሩን አንድ ወጥ አድርጎ ይገላገላል። ጭቃው የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ስምንት ሚሊዮን ነጥብ ያለው ቴሌቪዥን አንዲት ቅጠል ሣር ሊመልስለት አይችልም።

ፊት መለጠጥ ደግሞ አለ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ምንዛሪ አይጠይቅም፣ ሳተላይት አይጠይቅም። የቆየ ፊልም የተቀረጸው በ4 ለ3 ቅርጽ ነው፤ የዛሬ ስክሪን 16 ለ9 ነው። ትክክለኛው ነገር ግራና ቀኙን ጥቁር መተው ነው። እኛ ጋ ግን ጥቁሩ ቦታ ነውር የሆነ ይመስል ምስሉን ጎትተው ይሞሉታል። የምንወዳቸው የድሮ ተዋንያን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉት ጭምር፣ አጭርና ሰፊ ሆነው ይታያሉ። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌቪዥናችን ለአሥርት ዓመታት የቀረጸው ሁሉ በዚያው ቅርጽ ነው፤ ስንት ጋዜጠኛ፣ ስንት አርቲስት፣ ስንት አትሌት አለበት። የአበበ ቢቂላ ቀጭን ሰውነት ተለጥጦ ሲቀርብ ማየት እኔን ያመኛል። ልጆቻችን ሰውዬው እንደዚያ ነበር ብለው ያስባሉ። በተቃራኒው ስልክ በቁሙ ተይዞ የተቀረጸውን መሐል ላይ አስቀምጠው ግራና ቀኙን በራሱ በምስሉ ድብዝዝ ቅጂ ይሞሉታል፤ ከላይ ሎጎ፣ ከታች ሁለት መስመር ተንሸራታች ጽሑፍ፣ ከጎን ማስታወቂያ። ከ55 ኢንቹ ውስጥ ለዋናው ነገር የተረፈው ቦታ ከቀድሞዋ 21 ኢንች ብዙም አይበልጥም።

አሁን ደግሞ ቤታችን ውስጥ ያለውን ላንሣ፤ ቶሎ መስተካከል የሚችለው እሱ ነውና። ብዙ ቤት ፎር ኬው ከሪሲቨሩ ጋር የተገናኘው በኤቪ ኬብል ነው፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ባላት። ያቺ ቢጫ ኬብል ኤችዲ ማሳለፍ አትችልም፤ ጣቢያው የላከው ምንም ያህል ቢጠራ በእርሷ በኩል ኤስዲ ሆኖ ነው የሚገባው። ዲሽ ሠሪው የመጣው ዲሹን ሊሠራ ነው፣ ከሪሲቨሩ ጋር የተሰጠውን ኬብል ይሰካል፣ ምስል መጣ አይደል፣ ይሄዳል። ኤችዲኤምአይ ኬብል ከቴሌቪዥኑ ዋጋ አንጻር ምንም ማለት አይደለም። ኤችዲኤምአይ ተሰክቶም ሪሲቨሩ ማስተካከያው ውስጥ 576 ላይ ተቀምጦ ዓመታት የሚያልፍበት ቤት አለ፤ 1080 ላይ ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ጣቢያው ደክሞ ኤችዲ ልኮ፣ ቤተሰቡ ከፍሎ ፎር ኬ ገዝቶ፣ ሁለቱን ያለያየቻቸው አንዲት ቢጫ ኬብል ናት።

ፋብሪካው ሞልቶ የላከው ማስተካከያም ሌላ ራስ ምታት ነው። ቴሌቪዥኑ ቤት ገብቶም እንደ ሱቅ ያበራል፤ ቀለሙ ያቃጥላል፤ «ሻርፕነስ» የሚባለው ስለተጫነ ፀጉር ሁሉ ሽቦ መስሎ ይቆማል። ደካማ ሥርጭት ላይ ሻርፕነስ መጨመር ቆሻሻውን ማጉላት ነው፤ መቀነስ ነው የሚሻለው፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ዜሮ። እንቅስቃሴውን አለሳልሳለሁ የሚለው ማስተካከያ ደግሞ በሁለት ምስል መሐል የሌለ ምስል ፈጥሮ ያስገባል፤ ፊልሙ ሁሉ የስቱዲዮ ድራማ ይሆናል። ቶም ክሩዝና ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማኳሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ይህን እንዲያጠፋ በቪዲዮ ለምነዋል። እነርሱ የለመኑት ፋብሪካው አብርቶ ስለሚልከው ነው። በዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ ምስሉን ሲያቀናብር ጊዜ ይወስዳል፤ ድምፁ በሌላ ስፒከር የሚወጣ ከሆነ ከከንፈሩ ቀድሞ ይደርሳል። ከዚያ ሰው ጣቢያውን ይወቅሳል።

ይህ የእኛ ድህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን 75 ኢንች ሰቅለው ያው እሮሮ ያሰማሉ። እዚያ ኤቢሲና ፎክስ ዋናውን ሥርጭታቸውን ለዓመታት በ720 ነው የላኩት፤ ኤንቢሲና ሲቢኤስ በ1080። እ.ኤ.አ. በ2020 ፎክስ ያስተላለፈው የአሜሪካን ፉትቦል ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል፣ በፎር ኬ ይታያል ተብሎ ነበር፤ የተቀረጸው ግን በ1080 ነበር፤ ወደ ፎር ኬ ያሳደጉት በኋላ ነው። ያም ሆኖ ተመልካቹ ጠርቶልኛል አለ፤ ምክንያቱም በደንብ የተቀረጸ፣ በቂ መረጃ ይዞ የተላከ 1080 በጣም የሚያምር ምስል ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተቀምጠው የአገር ቤት ጣቢያ በኢንተርኔት ሣጥን የሚያዩት ደግሞ ድርብ ቅጣት አለባቸው፤ ከሳተላይት የወረደው እንደገና ተጨምቆ ነው የሚደርሳቸው።

ርቀቱንም ማንም አያስብበትም። ጤነኛ ዓይን መለየት የሚችለው ወሰን አለው። በ55 ኢንች ላይ የፎር ኬ ነጥቦችን ከፉል ኤችዲ ለይቶ ለማየት ከሁለት ሜትር ትንሽ ከፍ ካለው ርቀት ወዲህ መጠጋት ያስፈልጋል፤ ፎር ኬውን ሙሉ ለሙሉ ለመጠቀም ደግሞ አንድ ሜትር ገደማ። ሶፋው ማዶ፣ ቴሌቪዥኑ ወዲህ፣ መሐል ላይ ረከቦቱና ጠረጴዛው ባለበት ሳሎን ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን አያየውም። መነፅር የሚያስፈልጋቸው አባትማ ይቅር።

ታዲያ ፎር ኬ ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። በፎር ኬ የተቀረጸ ፊልም ከኢንተርኔት ለሚያይ ልዩነቱ አለ፤ ኔትፍሊክስ ለዚያ በሰከንድ 15 ሜጋ ቢት ይመክራል፣ ያን ያህል ኢንተርኔት ያለው ሰው ይጠቀምበት። አዳዲሶቹ ስክሪኖች ጥቁሩን ጥቁር፣ ቀለሙን ቀለም በማድረግ ከቀደሙት ይሻላሉ፤ ጥሩ ኤችዲ ሥርጭት በጥሩ ፎር ኬ ላይ ያምራል። ነገር ግን ለዲሽ ተብሎ፣ ዜናው እንዲጠራ ተብሎ ፎር ኬ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አሁን ደግሞ ኤይት ኬ የሚል ካርቶን ከዱባይ መግባት ጀምሯል፤ 7,680 በ4,320፣ ከ33 ሚሊዮን በላይ ነጥብ። ጃፓን ውስጥ ኤንኤችኬ ከእ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2018 ጀምሮ በኤይት ኬ የሚያሠራጭ ጣቢያ ከፍቷል፤ ለእነርሱ ትርጉም አለው። የእኛን ኤስዲ እዚያ ላይ ብናወጣው አንዷ ነጥብ ለሰማንያ ልትካፈል ነው። ሻጮች፣ ይህን ዕቃ ለሰው ከማስያዛችሁ በፊት እባካችሁ ሱቃችሁ ውስጥ ዲሽ አስገቡና የማታውን ዜና ክፈቱበት። ጣቢያዎች፣ 4 ለ3ቱን አትጎትቱት፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይቅር፤ ተንሸራታቹን ጽሑፍ ቀንሱ፤ የዘጋቢያችሁን ቪዲዮ ሳይጨመቅ የምትቀበሉበትን መንገድ ፈልጉ። ፎር ኬ አልጠየቅናችሁም። ኤችዲ ብላችሁ የጻፋችሁበትን ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ሙሉልን።